ፍልፋይ፣ ምንጩ ያልታወቀ

ጸሐፊው በመዝገበ ቃላት መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያገለግል፣ በስብሰባ ላይ ለማዛጋት ካልሆነ በስተቀር አፉን ከፍቶ አያውቅም። ይህ ለወቀሳ የሚነገር አይደለም፤ ሥራው ነው። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ሌሎች ሲናገሩ ይጽፋል፣ ሌሎች ሲያስቡ ደግሞ እርሳሱን ይቀርጻል። በዚያ መሥሪያ ቤት ያለው እርሳስ ሁሉ ዶልዱሞ የኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሰፈር ውስጥ ግን ትልቅ ሰው ነው። ጎረቤቱ ሁሉ «ጋሽ መዝገቡ» ይለዋል። የባልና ሚስት ጠብ «ሰድበኸኛል፣ አልሰደብኩሽም» ላይ ሲደርስ ጋሽ መዝገቡ ተጠርቶ የስድቡን ትክክለኛ ትርጉም ይበይናል። አንድ ጊዜ «ዝርክርክ» እና «ልግመኛ» ከሚሉት ቃላት የቱ ይብሳል ተብሎ ተጠየቀና፣ ሁለት ቀን የቢሮውን መሳቢያ አገላብጦ፣ ማስረጃ አጣቅሶ መልሱን በጽሑፍ ይዞ መጣ። ባልና ሚስቱ ግን እስከዚያው ታርቀው ነበር። መልሱን ካነበቡ በኋላ እንደገና ተጣሉ።

የሚኖረው ከሚስቱ ጋር፣ ከመንገዱ በአንድ ደረጃ ከፍ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ደንበኞቿ «እትዬ መርፌ» ይሏታል፤ ለመርፌዋ ይሁን ለምላሷ እስካሁን አልተለየም። የፊተኛዋ ክፍል የእሷ ናት። በመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ፣ ግድግዳው ላይ ዳሩ የተሸረፈ መስታወት፣ ጥግ ላይ ደንበኛ የሚለካበት መጋረጃ፣ ወለሉ ላይ ተጠርጎ የማያልቅ የክር ብጥስጣሽ አለ። የኋለኛዋ ክፍል የሁለቱም ናት ይባላል፤ እሷም ብትሆን ገና ባልተጠናቀቁ ልብሶች ከተያዘች ቆይታለች። ጸሐፊው አንድ ቀን በስህተት የደንበኛ ሱሪ ለብሶ ቢሮ ሄደና፣ ስብሰባው እስኪያልቅ ድረስ በአንድ እጁ ሱሪውን ይዞ በሌላው ቃለ ጉባኤ ሲጽፍ ዋለ። የዚያን ቀን ጽሑፍ አሁንም ላየው ሰው ወደ ግራ ያዘመመ ነው።

ሲጋቡ መሥሪያ ቤቱ ገና «ለ» ፊደል ላይ ነበር። ያን ጊዜ ሚስቱ አዲስ ሙሽራ ናትና በባሏ ሥራ ትኮራ ነበር፤ ማታ ማታ ቃላቱ የተጻፉባቸውን ካርዶች እየተቀበለች ጮክ ብላ ታነብለት ነበር። አንድ ቀን ጠየቀችው።

«ፍልፋይ የሚለውንስ አስገብታችሁታል?»

«ምን ማለት ነው?»

«አታውቀውም? ኧረ ጉድ! እናንተ ምን ስትሠሩ ነው የምትውሉት?»

መቀሷን አነሳችና አሳየችው። ጨርቁ ለሁለት ይታጠፋል፤ መሃሉ ላይ በጠመኔ ግማሽ ክብ ይሰመራል፤ መቀሱ መስመሩን ተከትሎ ይዞራል። አንገት የሚወጣበት ቀዳዳ ሲከፈት፣ ከዚያ ተቆርጣ እጅ ላይ የምትቀረዋ ክብ ቁራጭ ፍልፋይ ትባላለች። ብጣሽ ሌላ ነው፤ ብጣሽ ከዳር የሚተርፍ ነው። ፍልፋይ የምትወጣው ከመሃል ነው፤ እሷ ካልወጣች ጨርቁ ከረጢት ነው እንጂ ልብስ አይሆንም።

ጸሐፊው ቃሉን ወደደው። ወጣት ነበር፣ ሚስቱንም ይወዳታል፣ ተስፋ መስጠትም ምንም አያስወጣም። «‹ፈ› ስንደርስ አስገባልሻለሁ» አላት።

እንግዲህ ፊደሉን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ዓይነት ቃል ኪዳን እንደሆነ ይገባዋል። ከ«ለ» እስከ «ፈ» ያለው መንገድ፣ በዚያ መሥሪያ ቤት አካሄድ፣ የሰው ዕድሜ ነው። «መ» ላይ ብቻ አራት ዓመት ቆዩ። «ቀ» ላይ ጣሪያው አፍስሶ ካርዶቹን ስላበሰበሰ እንደገና ጀመሩ። «ተ» ላይ ሁለት አባላት ተጣልተው አንዱ እስኪሞት ተጠበቀ። ሚስቱ በየዓመቱ «የት ደረሳችሁ?» ትላለች፤ እሱም የፊደሉን ስም ይነግራታል፤ እሷም «አይ፣ ገና ናችሁ» ብላ መኪናዋን ትረግጣለች። በመካከሉ ልጆች ተወለዱ፣ አደጉ፣ ሄዱ። የእሱ ፀጉር ሳሳ፤ የእሷ መነጽር ወፈረ።

የቃሉን ምንጭ በተመለከተ ደግሞ፣ በዓለም ላይ እንደዚህ ምንጩ በቅጡ የታወቀ ቃል ያለ አይመስልም። ቀኑ ሰኞ ነበር። ሚስቱ ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቷ ሆኖ በአክስቷ ስፌት ቤት ሙያ ትማራለች። ደንበኛዋ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ናት፤ ሰውነቷ ደልደል ያለ፣ ድምፅዋም እንዲሁ። ቀሚሱ ሰማያዊ ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ነው። ልጅቷ ደረቱን ሰፋች፣ እጅጌውን ሰፋች፣ ትከሻውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ አድርጋ ዘጋችው፤ አንገት ማውጣቱን ግን ረሳችው። ዲሬክተሯ ቸኩላ ነበርና ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ለበሰችው። ሁለት እጆች በየእጅጌው ብቅ አሉ። ራስ ግን ቀረ።

ከጨርቁ ውስጥ አንድ ድምፅ «እዚህ ቤት ሰው የለም እንዴ?» አለ።

አክስቲቱ መጋረጃውን ገልጣ ያየችውን አየችና ልጅቷ ላይ ጮኸች፦ «ምን ቆመሽ ታያለሽ? ፈልፍለሽ አውጪያት እንጂ!» ልክ ባቄላ ከገለባው እንደሚፈለፈል ማለቷ ነው። ልጅቷ መቀሱን ይዛ በሰው አናት ላይ ዙሪያውን ቆረጠች። ዲሬክተሯ ላብ በላብ ሆና ብቅ አለች። ልጅቷም ክቧን ቁራጭ በመዳፏ ይዛ «አክስቴ፣ ፍልፋይዋን የት ላድርጋት?» ብላ ጠየቀች። አክስቲቱ መቆም አቅቷት ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ከዚያ ቀን ወዲያ ቁራጯ በዚያ ስፌት ቤት ሌላ ስም አልነበራትም። የተማሩት ልጆች የየራሳቸውን ሱቅ ሲከፍቱ ቃሏን እንደ መቀስ ይዘዋት ሄዱ፤ ዛሬ አምስት ስድስት መንገድ ድረስ ያለ ልብስ ሰፊ ሁሉ ይላታል። ያቺ የመጀመሪያዋ ሰማያዊ ቁራጭ ደግሞ፣ ዲሬክተሯ «ዓይኔ አይያት!» ብላ ጥላት ስለሄደች፣ ክዳኑ ላይ ጀልባ በተሳለበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እስከ ዛሬ አለች።

ከዚያች በቀር በእትዬ መርፌ ቤት የሰው ጨርቅ ቀርቶ አያውቅም። ሰዎች ልብስ ሰፊን በምን እንደሚያሙ ታውቃለች። ስለዚህ የተረፈውን ሁሉ፣ የጣት ጥፍር የምታህለውን ሳትቀር፣ ሰብስባ በስፒል ትይዝና ከጥራዝ በሚቀደድ ወረቀት ላይ እየጻፈች ከልብሱ ጋር ትሰጣለች፦ «ፍልፋይ አንድ፣ ብጣሽ ስድስት። ተመላሽ።» ከሥሩ ካርቦን አለ፤ ቅጂው ጥራዙ ላይ ይቀራል። ደንበኞቹ ብዙዎቹ ቁርጥራጩን በሩ ላይ ይጥሉታል፤ እሷ ግን መልሳለችና እንቅልፏን ትተኛለች።

መሥሪያ ቤቱ «ፈ» የደረሰው ጸሐፊው ጡረታ ሊወጣ ስድስት ወር ሲቀረው ነው። በዚያው ሰሞን ሚስቱ በብብቷ ሥር አንድ እብጠት አገኘች። ዝም ብላ ሦስት ልብስ ጨርሳ ካስረከበች በኋላ ነው የነገረችው።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ትሑት። ወረቀት ላይ ሥዕል እየሳለች ረጅም ማብራሪያ ሰጠቻቸው፤ ምን እንደሚቆረጥ፣ እንዴት እንደሚወጣ፣ ወዴት እንደሚላክ። ጸሐፊው ከልማዱ የተነሳ ሁሉንም ጻፈው። ሚስቱ እስከ መጨረሻው ካዳመጠች በኋላ፣

«እንግዲያው ፍልፋይ ልታወጪልኝ ነው በይኛ፣ ልጄ» አለቻት።

«ምን አሉኝ እናቴ?»

እትዬ መርፌ ጣቷን ዘርግታ በሐኪሟ ነጭ ጋውን አንገት ዙሪያ እያዞረች አስረዳቻት። ሐኪሟ ሳቀች፤ ቃሏንም ሳትወዳት አልቀረችም፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሰጠቻቸው ወረቀት ላይ ከነማኅተሙ «ፍልፋዩ ለምርመራ ተልኳል» ብላ ጻፈች። ውጤቱ ሦስት ሳምንት ይቆያል ተባለ።

እነዚያን ሦስት ሳምንታት የሚያውቃቸው የጠበቀ ሰው ነው። ሚስቱ አንድ እጇን ማንሳት ስለማትችል መኪናው ዝም አለ። ጸሐፊው የዚያን መኪና ጩኸት ሠላሳ ዓመት ሲያማርር ኖሯል፤ አሁን በሩ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ያንኑ ጩኸት ያዳምጥ ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ ከቢሮ ሲመለስ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ አገኛት።

«የት ደረሳችሁ?» አለችው።

«‹ፈ›። የፊታችን ሐሙስ ‹ፍል› ላይ ነን።»

ቀና ብላ አየችው። «እኔ እንግዲህ ከዚህ ከተነሳሁ ተነሳሁ፤ ካልተነሳሁም... የሰፋሁት ልብስ እንደሆነ ይነትባል። ልጆቹም የራሳቸው ኑሮ አላቸው። ያቺን ቃል አስገባልኝ። ከእኔ እንደወጣች ይጻፍልኝ። ሌላ ነገር ጠይቄህ አላውቅም።»

ይህ የመጨረሻው ቃሏ እውነት አይደለም፤ ጣሪያውን እንዲጠግን ስትጠይቀው ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ጸሐፊው ግን ይህን አላነሳም። «አስገባለሁ» አለ።

እዚህ ላይ የመሥሪያ ቤቱን ሕግ መናገር ያስፈልጋል። አንድ ቃል መዝገቡ ውስጥ እንዲገባ ሦስት የጽሑፍ ምስክር ሊኖረው ይገባል። የሰው አፍ ምስክር አይሆንም። አንድ ሚሊዮን ሰው በየቀኑ ቢናገረው፣ ካልተጻፈ የለም። በአንጻሩ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት አንድ ሰው በእንቅልፍ ልቡ ተሳስቶ የጻፈው ቃል፣ ሁለት ሰዎች ደግሞ ሳይገባቸው ከገለበጡት፣ በክብር ይገባል። እንዲህ ያሉ ቃላት መዝገቡ ውስጥ ሞልተዋል።

ጸሐፊው ካርዱን በራሱ እጅ አዘጋጀ። ሦስት ምስክሮችም አያያዘበት፦ ከጥራዙ የተቀደዱ ሁለት የተመላሽ ወረቀቶችና የሐኪሟ ማስረጃ። ሐሙስ ጠዋት ከቤት ሲወጣ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፈተና ሰማያዊዋን ቁራጭ አጣጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታት። ምንጩ ሲጠየቅ ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጣት ነው። መንገዱን ሁሉ የሚናገረውን ሲለማመድ ሄደ። «ምንጯ ባለቤቴ ናት። ቀኑ ሰኞ ነው።» አጭር ነው፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ይለዋል።

ስብሰባው የሚካሄደው ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ካርድ በታጨቀባቸው መሳቢያዎች መካከል ባለ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። በአንደኛው ጫፍ ሊቀ መንበሩ ይቀመጣል፤ ሰው ምንም ይናገር ምን «ይመዝገብ» ማለት የሚወድ ሰው ነው። አንድ ጊዜ አስነጥሶት የጎን ጓደኛው «ይማርህ» ሲለው «ይመዝገብ» ብሏል፤ ተመዝግቧልም። በቀኙ የሥርወ ቃል ሊቅ የሚባለው አለ። ይህ ሰው ከአንድ ሺህ ዓመት ወዲህ የተፈጠረ ቃል ሲሰማ ጥርሱን የሚያመው ነው። የቀሩት አባላት አንዱን ለመደገፍ ሌላውን ለመቃወም ይመጣሉ፤ የቱን መቼ እንደሚያደርጉ የሚወሰነው በተራ ነው።

ጠዋቱን በሙሉ «ፍልስፍና» ላይ ዋሉ። ሊቀ መንበሩ ራሱ የጻፈው ትርጉም ነበርና አምድ ተኩል ሞላ፤ አንብቦ ሲጨርስ ሁሉም ጥልቅ ነው አሉ፤ ምን እንደሚል የጠየቀ አልነበረም። ከዚያ «ፍልፈል» ያለ ክርክር አለፈ፤ ፍልፈል ማንንም አትነካም። ቀጥሎ የጸሐፊው ካርድ መጣ።

ሊቁ የተመላሽ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየው። «ይህ ምንድን ነው? የሱቅ ወረቀት ሥነ ጽሑፍ ነው እንዴ? ደግሞስ ለማን የተጻፈ ነው? የታወቀ፣ የተከበረ ሰው የተቀበለው ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው።»

ጸሐፊው ሁለተኛውን ወረቀት በጠረጴዛው ላይ እያንሸራተተ ለሊቀ መንበሩ አደረሰው። ሊቀ መንበሩ መነጽሩን አድርጎ ማንበብ ጀመረ። ወረቀቱ ባለፈው ዓመት በተሸለመበት ቀን ሊለብሰው ያሰፋውን ካባ የሚመለከት ነበር፤ ስሙና ማዕረጉ ሳይቀር በእትዬ መርፌ ጉልህ ጽሕፈት ተጽፏል፦ «ፍልፋይ አንድ፣ ብጣሽ ሦስት። ወገቡ አልበቃ ስላለ በጎንና በጎን አራት ጣት ተጨምሯል። ተመላሽ።»

ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን በፍጥነት አጠፈው። «ምስክርነቱ በቂ ነው። ይመዝገብ» አለ።

«ግን ክቡር ሊቀ መንበር፣ እኛም እኮ አይተን...» አለ ሊቁ።

«በቂ ነው አልኩ።»

ጸሐፊው ጻፈ። ልቡ ግን እየዘለለች ነበር። አንድ ቃል ሳይተነፍስ ቃሏን አስገባት! የቀረው ምንጯ ብቻ ነው። እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ጨርቋን ያዛት።

ምንጭን በተመለከተ መሥሪያ ቤቱ የሚያውቃቸው ሦስት ዓይነት ምንጮች ናቸው፤ የጥንት ቋንቋ፣ የባዕድ ቋንቋ እና ያልታወቀ። ሊቁ ተነሳና አርባ ደቂቃ ተናገረ። ቃሉ ከፍልፈል ሊመጣ እንደሚችል፣ ፍልፈል መሬት ቆፍራ አፈር ስለምታወጣ፤ ወይም ከጠፋ የጥንት ግስ፣ ግሱ ስለጠፋም ማስተባበል እንደማይቻል፤ ወይም ከባሕር ማዶ በነጋዴዎች አፍ እንደመጣ። አንዲት አባል «ፈለፈለ የሚል ግስ እያለን ይህን ሁሉ ምን አመጣው? ይልቅ መጀመሪያ ማን እንዲህ አለው የሚለው ነው ጥያቄው» አለች። እውነት ተናገረች። ስለዚህ ማንም አልደገፋትም።

ሊቀ መንበሩ ግን ምሳ ሰዓት ስለደረሰ ቸኩሏል። ፊቱን አዞረ። «ጸሐፊያችን፣ ካርዱን ያመጣኸው አንተ ነህ። ምንጩን ታውቃለህ?»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ጸሐፊውን ጥያቄ የጠየቀው ሰው አልነበረም። አሥራ ሁለት ዓይኖች ወደሱ ዞሩ። «ባለቤቴ» ብሎ ቢጀምር ምን እንደሚሆን ታየው፦ ሊቁ ፈገግ ይላል፤ ከፈገግታው ቀጥሎ ቀልድ ይመጣል፤ ከቀልዱ ቀጥሎ የመንግሥት መዝገብ ውስጥ ሚስቱን የሚያስገባ ጸሐፊ ተብሎ በየቢሮው ይወራል። ስድስት ወር ነው የቀረው። በኪሱ ጨርቋን ጨበጣት። ሌላው እጁ ግን ልማዱን አልተወም፤ ወረቀቱ ላይ በሚያምር ጽሕፈት እንዲህ ሲጽፍ አየው፦ «ጥያቄ፦ ጸሐፊው ምንጩን ያውቃል?» ጽፎ ሲጨርስ፣ እርሳሱን እንደያዘ፣ አንድ ሰው መልሱን እስኪናገር ጠበቀ።

«እንግዲህ አይታወቅም ማለት ነው» አለ ሊቀ መንበሩ። «ምንጩ ያልታወቀ። ይመዝገብ።»

ጸሐፊው መዘገበው።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ በሩ ላይ ጠበቀችው። «ገባች?»

«ገባች!»

ፊቷ በራ። ትርጉሙን ቃል በቃል አነበነበላት፤ «መካከል» የሚለው ላይ ሲደርስ ራሷን ነቀነቀች። «ከየት መጣች ተባለ?» ስትለው ግን «እሱ በኋላ ይስተካከላል» አለና ኮቱን ሊሰቅል ገባ። በዚያውም የብስኩቱን ቆርቆሮ ድምፅ እንዳያሰማ አድርጎ ከፍቶ ጨርቋን መለሳት። የብስኩት ቆርቆሮ ግን ድምፅ ሳያሰማ ተከፍቶ አያውቅም። እሷ ሁለተኛ አልጠየቀችም። እሱም አለመጠየቋን እንደ ይቅርታ ቆጥሮት ደስ አለው፤ ወንድ ልጅ እንዲህ ያለ ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነው።

በሳምንቱ ውጤቱ መጣ፤ ክፉ አይደለም ተባለ። ጸሐፊው የሐኪሟን እጅ ይዞ አለቀሰ። ሚስቱ «ተው እንጂ፣ ጋውኗን አበላሸህባት» አለችው። ከወር በኋላ መኪናው እንደገና መጮህ ጀመረ፤ እሱም እንደ ድሮው ማማረሩን ቀጠለ።

ከ«ፈ» በኋላ የቀረው «ፐ» ብቻ ስለነበር፣ መጽሐፉ ጸሐፊው ሥራ ሊለቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ታተመ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ አንድ ቅጂ ተሰጠ። ጡብ የሚያህል ነገር ነው፤ ታቅፎት እስከ ቤቱ በእግሩ ሄደ። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ «ጋሽ መዝገቡ፣ ወለድክ?» ይለዋል።

ሚስቱ የምትሰፋውን ትታ ጠረጴዛዋን ጠረገች። መነጽሯን አድርጋ ገለጠች። ቃሏ በፍልፈልና በፍልፍል መካከል ጠበብ ብላ ተቀምጣለች፤ ከጀርባዋ ባለው ገጽ «ፍልስፍና» ተንሰራፍቶ ተኝቷል። እትዬ መርፌ ጣቷን ከሥር ከሥሩ እያስኬደች አነበበች።

«ፍልፋይ። በልብስ ስፌት ሙያ፣ ለአንገት ማስገቢያ ከጨርቅ መካከል ተቆርጦ የሚወጣ ክብ ቁራጭ።» ጣቷ ቆመ። «ምንጩ ያልታወቀ።»

ጸሐፊው ጫማውን ያይ ጀመር።

«አውቄያለሁ እኮ» አለችው፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ያን ቀን ቆርቆሮውን ስትከፍት ሰምቼሃለሁ። ጨርቋን ቤት ረስተሃት ሄደህ ቢሆን ኖሮ ባልከፋኝ፤ ሰው ይረሳል። አንተ ግን ይዘሃት ሄደህ፣ እዚያ ቁጭ ብለህ፣ ኪስህ ውስጥ ይዘሃት ነው ዝም ያልከው። እኔ ደግሞ እዚህ ሞቴን እየጠበቅሁ ነበር።»

ጸሐፊው «ሥርዓቱ...» ብሎ ጀመረና ራሱ አፈረ።

እሷ ግን መልስ አልጠበቀችም። ከመሳቢያዋ ለቁልፍ ቀዳዳ የምትጠቀምባትን ትንሽ መቀስ አወጣች። ጸሐፊው ምን ልታደርግ እንደሆነ ሲገባው «ኧረ በፈጠረሽ!» ብሎ ተነሳ፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የመጽሐፍ ገጽ አጥፎ እንኳ አያውቅም። መቀሷ ወረቀቱን በስታ ገብታ ዞረች፤ እንደ ልማዷ አንድም ቦታ ሳትንጋደድ። «ምንጩ ያልታወቀ» የሚሉት ሁለት ቃላት ተቆርጠው መዳፏ ላይ ቀሩ። በቀዳዳው የሚቀጥለው ገጽ ይታያል። ከጀርባው ከ«ፍልስፍና» ላይም ሦስት ቃላት አብረው ሄደዋል፤ ጸሐፊው ደንግጦ ገልብጦ አነበበው፤ ትርጉሙ ላይ ምንም የጎደለ ነገር አልነበረም።

ሚስቱ የተመላሽ ጥራዟን ሳበችና፣ ካርቦኑን አስተካክላ፣ ጻፈች፦ «ፍልፋይ አንድ። ተመላሽ።» ቁራጯን በስፒል አያያዘችና ሰጠችው።

«ይሄን ለሊቀ መንበርህ ውሰድለት። የእኔ አይደለም፤ የእናንተ ነው። የሰው ነገር ቤቴ አይቀርም።»

በነጋታው ጠዋት ጸሐፊው የሊቀ መንበሩን በር አንኳኳ። ሊቀ መንበሩ አዲሱን መጽሐፍ ከፊቱ ዘርግቶ «ፍልስፍና»ን ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ ባይታወቅም እያነበበ ነበር። ጸሐፊው ወረቀቷን ከነስፒሏ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሊቀ መንበሩ አነሳት፣ ጽሕፈቱን ለየው፤ ወገቡ ትዝ ብሎት መሰለኝ ቀበቶውን ነካ አደረገ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ከየት ነው የመጣው?»

ጸሐፊው እጁን ኪሱ ከተተ። ሰማያዊዋን፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለባትን፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት ያረጀች ክብ ጨርቅ አወጣና ከወረቀቷ አጠገብ ዘረጋት።

«ከባለቤቴ ነው» አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት፤ ግን አላቆመም። «ቃሉን የፈጠረችው እሷ ናት። ቀኑ ሰኞ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ይቺ ጨርቅ ናት የመጀመሪያዋ። ያን ቀን ሲጠይቁኝ አውቅ ነበር፤ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። ባለቤቴ ታምማ ነበር፤ እኔ ግን ፈራሁ። ምንጩ የታወቀ ነው፣ ክቡር ሊቀ መንበር። እቤቴ መስኮት ሥር ተቀምጣ ልብስ እየሰፋች ነው።»

ሊቀ መንበሩ ጨርቋን አየ፤ ጸሐፊውን አየ። ግራ ቀኙን ቃኘና ሌላ የሚለው ቢያጣ፣ እንደ ልማዱ፣ «ይመዝገብ» አለ።

ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም። ጸሐፊው እርሳስ አልያዘም።